ጉባኤ በቦሩ ሜዳ፤ ስለ ጠቅላላ ትምህርት ጥቅም ታሪካዊ ምርምር

ከደሴ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ በስተ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፣ ከተማውን ከለቀቀ በኋላ ብዙም ሳይርቅ በተራሮች መካከል የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ቦሩ ሜዳ የሚባለው ይህ ስፍራ ነው። በዛሬው ዘመን ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በሆስፒታሉ ምክንያት ነው፤ ታሪክ የሚከታተል ሰው ግን ስፍራውን የሚያውቀው በ1870 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚሁ ሜዳ ባደረጉት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ስለዚህ ጉባኤ የጻፉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ወይ ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት ወይ ስለ መንግሥት አንድነት ነው። ሦስተኛው ነገር ግን እምብዛም አልተነካም። በቦሩ ሜዳ የተሰበሰቡት ተከራካሪዎች መምህራን ነበሩ፤ የተከራከሩትም ለብዙ ዓመታት በተማሩት ትምህርት ነው። ስለዚህ ጉባኤው የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት ሰውን እስከ ምን እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚቆም የታየበት ፈተና ነበረ ለማለት ይቻላል። ዛሬ በዚያው አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ቆሞአል፤ መሐንዲሱም፣ ሐኪሙም፣ የሕግ ተማሪውም ከየሙያቸው በፊት ምን ዓይነት የጋራ ትምህርት ይማሩ የሚለው ክርክርም በአገሪቱ ገና አልተዘጋም። የዚያን ፈተና ውጤት መመርመር እንግዲህ ያለፈውን ከመውደድ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

«ጉባኤ» የሚለው ቃል ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቋንቋ ጉባኤ ማለት ሸንጎ ብቻ ሳይሆን ትምህርቱም ነው። መምህሩ ጉባኤ ይዘረጋል፤ ተማሪው ጉባኤ ይውላል። ትምህርት ብዙ ሰው በተሰበሰበበት በአንደበት የሚነገር፣ የሚጠየቅና የሚመለስ ነገር ነው የሚለው አሳብ በቃሉ ውስጥ አለ።

ተከራካሪዎቹ ያለፉበት የትምህርት መንገድ የታወቀ ነው። ልጅ ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ቤት ይገባል፤ ከዚያም ቅኔ ቤት፣ በመጨረሻም መጽሐፍ ቤት ይከተላል። መጽሐፍ ቤት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ ይከፈላል። ለዚህ ምርምር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ ከውጭ ሆኖ ለሚመለከተው ግጥም ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ተማሪው አንድ ቅኔ ለመቁጠር አስቀድሞ የግዕዝን ግስ ከነእርባታው፣ አገባቡንም ከነሙያው መያዝ አለበት። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ለምኖ ከተመለሰ በኋላ፣ በየዛፉ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይነግራል። ያልቀና እንደ ሆነ መምህሩ እዚያው ያቀናለታል፤ ሌላውም ተማሪ የእርማቱን ምክንያት ሰምቶ ይማራል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ሲወጣ፣ የተነገረን ቅኔ መልሶ ማምጣት ነውር ስለ ሆነ፣ በየቀኑ አዲስ ነገር ማሰብ ግዴታው ነው። ወሎ በዚህ በኩል ድሀ አልነበረም፤ በቅኔ መንገድ ስማቸው ከሚጠራው ከሦስቱ ቤቶች አንዱ፣ ዋድላ፣ የሚገኘው በዚሁ አገር ነው።

በዚህ ዓይነት የሠለጠነ ሰው አንድ ቃል ሁለት ትርጉም፣ አንድ ዐረፍተ ነገርም ሁለት አካሄድ ሊኖረው እንደሚችል ከወጣትነቱ ጀምሮ ለምዶአል። መጽሐፍ ቤት ሲገባ ይህ ልማድ ወደ ትርጓሜ ይሸጋገራል። መምህሩ አንዱን ፍች ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል፤ ፍችውን ለማስረዳትም የነገሥታት ታሪክ፣ የአራዊትና የዕፀዋት ጠባይ፣ የዘመን አቈጣጠር፣ የሀገር ልማድ ሁሉ ይመጣል። ይህን የጨረሰው ሰው ሁሉ መምህር አይሆንም ነበር። አንዱ የቤተ መንግሥት ጸሓፊ፣ ሌላው ፍትሐ ነገሥት ተርጓሚ ሆኖ በችሎት የሚቀመጥ፣ ሌላው ሠዓሊ ይሆናል። ሙያ የሚለያየው ከጋራው ትምህርት በኋላ ነው።

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን በላቲን «አርቴስ ሊበራሌስ»፣ ማለት ለነጻ ሰው የሚገባ ጥበብ፣ ብለው የሰየሙት ትምህርት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እነርሱ ሰባት አድርገው ቈጠሩት፤ ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብና ሎጂክ በአንድ ወገን፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ በሌላ ወገን። በፓሪስም በቦሎኛም ሕግ፣ ሕክምና ወይም ነገረ መለኮት የሚማር ሰው ከዚህ አንዳች ነገር ይዞ ይገባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ግስና አገባብን ከሰዋስው ጋር፣ ዜማን ከሙዚቃ ጋር፣ ባሕረ ሐሳብን ከሥነ ፈለክ ጋር ማስተያየት አይከብድም። ማስተያየቱ ግን ልክ አለው። በኢትዮጵያው ትምህርት ሒሳብ ከዘመን አቈጣጠር እምብዛም አላለፈም፤ ጂኦሜትሪ ከሕንፃ ሠሪዎችና ከሠዓሊዎች እጅ ወጥቶ ወደ ጉባኤ አልገባም፤ ሴቶች ልጆችም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከደጁ ቀርተዋል።

ወደ 1870 ዓ.ም. እንመለስ። ክርክሩ በ17ኛው መቶ ዓመት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከአገር ከተባረሩበት ጊዜ ጀምሮ እየከረረ የመጣ ነው። ባላጋራዎቹ «ካራ» የሚሉት የተዋሕዶ ወገን የክርስቶስን ልደት ሁለት ይላል፤ አንዱ ከአብ ያለ እናት፣ ሁለተኛው ከድንግል ያለ አባት ነው። የጸጋ ልጅ የሚባለው ወገን ደግሞ በመንፈስ ቅዱስ የሆነውን ቈጥሮ ሦስት ይላል፤ ይህ ትምህርት በሸዋ፣ ይልቁንም በደብረ ሊባኖስ ሰዎች ዘንድ የጸና ነበር። የሁሉም መጽሐፍ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በፍች ነው፤ «ቀብዐ» የሚለው ግስ፣ «ቅብዐት» የሚለውም ስም ስለ ክርስቶስ ሲነገር ምን ማለት ነው፣ ቀቢው ማን ነው፣ ተቀቢውስ በምን ረገድ ነው በሚለው ጥያቄ ላይ። ቅኔ ቤት ያልዋለ ሰው ይህን ክርክር ገብቶ ሊናገር ይቅርና አድምጦ ሊከተለውም አይችልም ነበር። ከትግራይ የመጣውና ከሸዋ የመጣው መምህር በአገር፣ በአነጋገርና በጌታ ሲለያዩ በአንድ አገባብ ግን ይገናኛሉ፤ ተቃዋሚው የተሳሳተው በየትኛው ቃል ላይ እንደ ሆነ ጣቱን ጭኖ ማሳየት የሚችለው ተቃዋሚው ራሱ የተማረውን ስለ ተማረ ነው። የጋራ ትምህርት የሚያስገኘው ትልቁ ነገር ይህ ይመስላል። ሰዎችን በአሳብ አንድ አያደርግም፤ የት ላይ እንደ ተለያዩ ግን እንዲያውቁ ያደርጋቸዋል።

የክርክሩ ፍጻሜ ግን ከክርክሩ አልመጣም። ንጉሠ ነገሥቱ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ያስመጡት ደብዳቤ በጉባኤው ተነበበ፤ ፍርዱም ለሁለት ልደት ሆነ፤ ሦስት ልደት ተወገዘ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በልቼ የገቡት ንጉሥ ምኒልክም ተቀበሉ። የዐፄ ዮሐንስን ሁኔታ ማስታወስ ፍትሕ ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ድል ካደረጉ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ የተከፋፈለ አገር ይዘው የውጭ ጠላት መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ያውቁታል። ነገር ግን መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ የመጣ ጉባኤ፣ ምንም ያህል ሊቃውንት ቢቀመጡበት፣ ጉባኤነቱ በስም ብቻ ይቀራል።

ከዚህ የሚከብደው የቀጥሎው ነው። ጉባኤው እንደ ተፈጸመ የወሎ እስላሞች ክርስትና እንዲነሡ ታወጀ። ከአገሩ መሪዎች ኢማም መሐመድ ዓሊ ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አባት ሆነዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒህ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። አባ ዋጠውም በንጉሥ ምኒልክ አባትነት ኀይለ ማርያም ተባሉ። ከተራው ሕዝብ የተሰደደ አለ፤ ለይምሰል ተጠምቆ በስውር የሰገደ አለ፤ የተዋጋም አለ። ታዋጁ ሲነገር በእነዚያው ተራሮች ላይ ሌላ የታላላቅ መምህራን ወገን እንደ ነበረ ሊዘነጋ አይገባም። በጃማ ንጉሥ ያስተማሩት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ፣ በጌታ ያስተማሩት ሰይድ ቡሽራ ስማቸው የታወቀ ነበር፤ በዳናም የሼህ አሕመድ ብን አደም ትምህርት ቤት ነበረ። ደረሳው ቁርአን ከጨረሰ በኋላ ወደ ኪታብ ትምህርት ሲገባ ፊቅህ፣ ነሕውና ሰርፍ፣ ማለት የዐረብኛ አገባብና እርባታ፣ ከዚያም መንጢቅ፣ ማለት ሎጂክ፣ ይማራል፤ ሐዲስና ተፍሲርም ይከተላሉ። እሱም እንደ ቅኔ ተማሪው በሕዝብ ምጽዋት እየኖረ፣ በአንዱ ትምህርት ስሙ የተጠራ ሼህ ወዳለበት ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው ሰው የሚደንቀው መመሳሰላቸው ነው። ሁለቱም ሰዋስውን ያስተምራሉ፤ ሁለቱም አገር ለአገር በመዞር ይፈጸማሉ። አንዱ ጎረቤት ግን የሌላውን መጽሐፍ አያነብም ነበር። ታዋጁን ከተቃወሙት አንዱ ሼህ ጦልሃ ብን ጃዕፈር መንዙማቸውን የጻፉት በአማርኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የዐረብ ነው። አንድ የቦሩ ሜዳ መምህር ይህ ጽሑፍ በእጁ ቢገባ ሲነበብለት የሚሰማውን የገዛ ቋንቋውን በዐይኑ ሊያነበው አይችልም። በኋላ በቦሩ ሜዳ ሥላሴ ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩት፣ ዛሬም ደሴ ላይ ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው መምህር አካለ ወልድ የኖሩበት አገር ይህ ነበር፤ ሁለት ባለ ሙሉ ትምህርት ሕዝቦች በአንድ ገበያ የሚገናኙበት፣ በአንድ ጉባኤ ግን የማይገናኙበት።

የቃል ፍች የመጽሐፍ ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስለው የነበረ ሰው ቢኖር፣ ጉባኤው ከተደረገ 11 ዓመት በኋላ ከሐይቅ አልፎ በዚያው መንገድ በሚገኘው በውጫሌ የሆነው ነገር ያስተማረው ይሆናል። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተደረገው ውል በ17ኛው ክፍል፣ አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፣ ኢጣልያንኛው ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ፍች አለው። በአንድ ግስ ልዩነት ኢጣልያ አገሪቱን ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች፤ ነገሩም በዐድዋ በጦር ተፈታ። ሰዋስው የመንግሥት ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

በዘመናዊው ሥርዓት የመጀመሪያው ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። የታሪክ አጋጣሚ ሆኖ እንዲመሩት የተመረጡት ሉስየን ማት የተባሉት ካናዳዊ፣ የቦሩ ሜዳው ክርክር በመነሻው ከሚያያዝበት ከዚያው ከኢየሱሳውያን ማኅበር ነበሩ። ኮሌጁ በአርትና በሳይንስ ትምህርት ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ሌሎቹን ኮሌጆች ሰብስቦ የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቆም፣ ተማሪው ወደ ሙያው ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት የጋራ ትምህርት እንዲማር ተደረገ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየላከ በአብዛኛው ያስተምር ዘንድ አደረገው። በዚህ ምክንያት የመሐንዲስነት ተማሪ በአንድ የወረዳ ከተማ ገበሬውን፣ ባላባቱንና ጪሰኛውን በዐይኑ አየ። ይህም፣ ባይባልም፣ የጠቅላላ ትምህርት ክፍል ነበር። የጐደለው ነገር በሌላ በኩል ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ከቅኔ ቤትም ከኪታብ ቤትም የሚመጣው ልማድ ከአዲሱ ትምህርት ጋር ሳይያያዝ በደጅ ቀረ። ሰዋስው ከባዶ እንደ ገና ተጀመረ፤ ያውም በሰው ቋንቋ።

የተለያዩ ትምህርቶች ተለያይተው ሲቆሙ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍሉ ያሳየው የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ ነው። የዝናቡ መጥፋትና የአዝመራው መበላሸት በእርሻ ባለሙያዎች ዘንድ ታውቆ ነበር። በሽታውን ሐኪሞች ያዩታል። ከደሴና ከኮምቦልቻ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር የተቀመጠውን ረኀብተኛ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ተማሪውም ተነሣሣ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። ሁሉም የሚያውቀው ግን ቁራጭ ቁራጩን ነበር። ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1981 እ.ኤ.አ.፣ አማርትያ ሴን የተባሉት የሕንድ ተወላጅ ስለ ድህነትና ስለ ረኀብ በጻፉት መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ረኀብ ሰጡ። ያተኰሩበት ነገር ቀላል ይመስላል፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ረኀቡ በጸናበት ጊዜ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚወጣ እህል ነበር። እህል ከገበያ ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ ገበሬው አዝመራው ሲጠፋበት እህል የሚገዛበት ነገር ስለ ጠፋ ሕዝቡ አለቀ ማለት ነው። የእህል መጠን ብቻ የሚለካ የእርሻ ባለሙያ ይህን አያገኝም፤ ዋጋ ብቻ የሚያይ ነጋዴም ገበያው ደኅና ነው ብሎ ይመለሳል። ሴን ኢኮኖሚስት ሲሆኑ ፍልስፍናንም አጥንተዋል፤ «ለአንድ ሰው የሚገባው ምንድር ነው» የሚለውን የሕግና የሥነ ምግባር ጥያቄ በገበያ ሒሳብ ላይ ስላነሡት ነው ነገሩ የተገለጠላቸው። የተለያዩ ትምህርቶች ተባበሩ የሚባለው እንዲህ በአንድ ጥያቄ ላይ ሲገናኙ ነው እንጂ፣ በአንድ ግቢ ስለ ተቀመጡ አይደለም።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የነበረውን ዘመን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በደርግ ጊዜ ሁሉም ተማሪ የሚማረው የጋራ ትምህርት አልቀረም፤ ግን ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ነበር፤ እንደ እስክንድርያው ደብዳቤ መልሱ ተጽፎ የመጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዲግሪ ትምህርት በብዙው ክፍል ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ሲወርድ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተነሣ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊና ወደ ሰብአዊ ትምህርት እንዲመደብ ተወሰነ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የተተከለው በዚያው ሰሞን ነው፤ ዋናው ግቢ በደሴ፣ የቴክኖሎጂው ተቋም በኮምቦልቻ። በፋብሪካ ከተማ ምሕንድስናን ማስተማር ትክክል ነው፤ የሚቃወመው የለም። ነገር ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቋንቋና ታሪክ የሚማረውን ተማሪ ላይ፣ ማሽንና ጨርቃ ጨርቅ የሚማረውን ታች አድርጎ እንደ ለያየ ሲታይ፣ የ70ውና የ30ው ክፍያ በመሬት ላይ የተሣለ ይመስላል።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመለሰ። ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሥነ ልቡና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና መልክዐ ምድር ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ተሰጡ። ይህ መልካም ነው፤ ሳይታሰብ የተተወ ነገር ታስቦ ተመልሶአል። የሚያሠጋው ሌላ ነው። ለአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የተዘጋጀው ሞጁል በቃል ተይዞ በምርጫ ፈተና የሚያልቅ ከሆነ፣ ሎጂክ ሳይከራከሩበት፣ ታሪክም ማስረጃው ሳይመረመር ይማራል ማለት ነው። በዚህ በኩል ቅኔ ቤት ከሞጁሉ ይበልጣል ቢባል ድፍረት አይሆንም፤ እዚያ ማንም ተማሪ የሌላውን ቅኔ ነግሮ አያልፍም ነበር። ቁጥሩ የበዛ ክፍል ለዚህ አይመችም የሚል መልስ ይሰጣል፤ እውነት ነው፤ እንግዲያውስ ገንዘቡ የሚያስፈልገው ከአዲስ ሕንፃ ይልቅ ለመምህር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ ሁለቱም ግቢዎች ተዘርፈዋል፤ ዕቃው ቀስ በቀስ ሊተካ ይችላል።

በወሎ በየመስጊዱና በየቤተሰቡ እጅ ያሉት የዐረብኛና የዐረብ ፊደል አማርኛ ጽሑፎች ግን ምትክ የላቸውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ሑሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. በሌይደን ባሳተሙት መጽሐፍ በ19ኛው መቶ ዓመት ወሎ ስለ ነበረው እስልምና ሲጽፉ፣ ቦሩ ሜዳን ከቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ መሰል ጽሑፎችና ከሽማግሎች ቃል ጭምር አይተውታል። ለዚህ ዐረብኛ፣ አማርኛ፣ የፊቅህ ቃላት፣ የአገሩ የነገድና የቦታ ስም፣ የታሪክ ጸሓፊ ጥርጣሬም ያስፈልጉ ነበር። ገና ያልተነበቡት ጽሑፎች ደግሞ ቀለማቸውንና ወረቀታቸውን የሚያውቅ ኬሚስት፣ በፎቶግራፍ ቀድቶ የሚያኖር የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ግጥሙን የሚሰማ የቅኔ ጆሮ ያለው ሰውም ይሻሉ። ቋንቋ አዋቂው ደሴ አለ፤ መሐንዲሱ ኮምቦልቻ አለ።